ሽፍታው ራሱ ይናገር

የሽፍታ ታሪክ በልቦለድ መልክ እንደገና ሲጻፍ ቅር የሚላቸው ብዙ ናቸው። መጨረሻው የታወቀ ታሪክ ምን ያጓጓል፣ ደራሲውስ ከውሸት በቀር ምን ይጨምርበታል ይላሉ። እኔ ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ መቅደላ ላይ ሽጉጡን እንደጠጣ ሳያውቅ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» ያነበበ ማን አለ? ገና በሽፍትነቱ ዘመን ሲስቅ ስናየው አንጀታችን የሚላወሰው መጨረሻውን ስለምናውቅ ነው።

ለዚህ ከአውስትራሊያዊው ፒተር ኬሪ ልቦለድ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። እ.ኤ.አ. በ2000 ታትሞ በዓመቱ የቡከር ሽልማት ያገኘው ይህ መጽሐፍ የኔድ ኬሊ ታሪክ ነው። ኬሊ የአየርላንዳዊ ግዞተኛ ልጅ ነው። እሱና ጓደኞቹ በ1878 ሦስት ፖሊሶች ገደሉ፤ ባንክ ዘረፉ። በ1880 ከማረሻ ብረት የተሠራ ጥሩር ለብሶ ሲታኮስ፣ ብረቱ ያልሸፈናቸው እግሮቹ ተመትተው ተያዘ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ሜልበርን ውስጥ ተሰቀለ። ይህን የማያውቅ አውስትራሊያዊ የለም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ኬሪ ምን ጨመረ? ኬሊ በ1879 ጄሪልዴሪ የምትባለውን ከተማ ሲዘርፍ ስምንት ሺህ ቃል ገደማ የሚሆን ደብዳቤ ይዞ ነበር። ለጓደኛው ለጆ በርን እየተናገረ ያስጻፈው ነው። እንዲታተምለት ፈልጎ ነበር፤ በሕይወት ሳለ ግን ሙሉው አልታተመለትም። ደብዳቤው ቁጣ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ማቆሚያ የለውም፣ ዛቻው ከስድቡ ጋር ተያይዞ ይወርዳል። ኬሪ ያንን አንደበት ወስዶ አንድም ነጠላ ሰረዝ የሌለበት ሙሉ ልቦለድ ጻፈበት። ፈጠራው የተነሣው ሽፍታው ራሱ ከተናገረው ነው።

ነቃፊዎች የሚይዙት ልጅቱን ነው። የታሪኩ ኬሊ ልጅ እንደነበረው አይታወቅም፤ የልቦለዱ ኬሊ ግን የሚጽፈው አይቷት ለማያውቅ ሴት ልጁ ነው። እኔ ደግሞ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። እውነተኛው ደብዳቤ ለጠላት የተጻፈ ስለሆነ ፉከራ ይበዛበታል። ለልጅ ግን አይፎከርም። ስለዚህ ታነበዋለች ብሎ ስድቡን ይሸፍናል፤ ረሃቡን፣ ፍርሃቱን፣ የእናቱን ውርደት ይነግራታል። ወደ አሜሪካ ማምለጥ ሲችል የቀረው እናቱ ስለታሰረች መሆኑን ያስረዳታል። እውነተኛዋ እናቱ ኤለንም ልጇ በተሰቀለ ዕለት በዚያው ወኅኒ እስረኛ ነበረች። መዝገቡ ይህን በአንድ መስመር ጽፎ ያልፋል። ያ መስመር አንድን ሰው በቁሙ ምን እንዳደረገው ያሳየኝ የፈጠራዋ ልጅ ናት።

ልቦለድ ሽፍታን ያቆነጃል የሚለው ክስ ብዙ አያቆየኝም። የፖሊሶቹ ግድያ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ ከገዳዩ አፍ ሲሰማም ይበልጥ ይከብዳል። የሚያቆነጁት ዘፈንና ሐውልት ናቸው።

ለካሣም የምመኘው ይህንኑ ነው። ቋራ በረሃ ውስጥ፣ ዘውድ ገና ሳይታሰብ፣ እናቱ በኮሶ ሻጭነት የተሰደበችበት ወጣት በራሱ አንደበት የሚናገርበት ልቦለድ በእጄ ቢገባ፣ ከዜና መዋዕሎቹ ሁሉ ይልቅ ሰውየውን እንደሚያስተዋውቀኝ አልጠራጠርም።