«ጊዜ ማሳለፊያ» ብለን የናቅነው ታሪክ

የበዓሉ ግርማ ስም በተነሣ ቁጥር ምሁሮቻችን ወደ «ኦሮማይ» ይሮጣሉ፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. መታተሙን፣ ብዙም ሳይቆይ መታገዱን፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ወጥቶ መቅረቱን ይተርካሉ። ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዓሉ የ«መነን» እና የ«አዲስ ሪፖርተር» መጽሔቶች፣ የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣም አዘጋጅ ነበር። ይህን የሕይወቱን ክፍል በአንድ ዐረፍተ ነገር የምናልፈው ለምንድን ነው?

መልሱ ንቀት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ዘንድ የግርጌ ማስታወሻ የሌለው ጽሑፍ ከዕውቀት አይቆጠርም፤ ታሪክን ከዘፈን፣ ከፊልምና ከ«ይህን ያውቁ ኖሯል?» ጋር የሚያስተናግድ መጽሔት «ጊዜ ማሳለፊያ» ተብሎ ይጣላል። እስቲ እንጠይቅ፦ የ1960ዎቹ የከተማ ወጣት ምን ለበሰ? ምን አዳመጠ? በምን ሳቀ? ነጋሪት ጋዜጣ ሕጉን እንጂ ኑሮውን አይነግረንም።

የአዘጋጅ ሙያ መምረጥ፣ ማሳጠርና ለማያውቀው አንባቢ ግልጽ ማድረግ ነው። የበዓሉ ልቦለድ ጥራት ከዚህ ሙያ የተቀዳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የ«ኦሮማይ» ዋና ገጸ ባሕርይ ጋዜጠኛ መሆኑም እንዲያው የሆነ አይመስለኝም።

መጽሐፉን ያገዱት ሰዎች የጽሑፍን ክብደት ዐውቀው ፈሩት። እኛ ግን ልቦለዱን እያወደስን መጽሔቱን ለስኳር መጠቅለያ ከተውነው፣ ያለ ምንም አዋጅ እያገድነው ነው።