የግራ እግር ጫማ

ሞተር ሳይክል ላይ ማርሽ የሚቀይረው ግራ እግር ነው። ግራ እጅ ፍሪሲዮን ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፣ የፊት ፍሬንም ይይዛል፤ ቀኝ እግር የኋላውን ፍሬን ይረግጣል። በአብዛኞቹ ሞተሮች አንደኛ ማርሽ ወደ ታች በመርገጥ ይገባል፤ ከሁለተኛ ጀምሮ ያሉት ግን ፔዳሉን በጫማው አናት ወደ ላይ በማንሳት ነው የሚገቡት። ፎሌ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል፣ በግማሽ እርምጃ ላይ ተደብቋል። እናም የሞተረኛ ጫማ ከሥሩ ብቻ ሳይሆን ከላዩም ይሠራል። ይህን ጫማ ሻጩም፣ ሞተር ሻጩም፣ አብዛኛው አሠልጣኝም ይዘነጋዋል።

ይህ ዓምድ ከነጠላ ጫማ ጋር ያለው ጠብ የቆየ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ሰሞኑን የቀሰቀሰው በአንድ ማሠልጠኛ ሜዳ የታየ ጀማሪ ነው። ሄልሜቱ አዲስ፣ ጓንቱ አዲስ፤ እግሩ ላይ ግን ነጠላ ጫማ። ሁለተኛ ለማስገባት ፔዳሉን በባዶ አውራ ጣቱ ያነሳል። ብረቱ ጥፍሩን ሲነካው ያመዋል፤ ሲያመው በግማሹ ይለቀዋል፤ በግማሽ የተለቀቀ ማርሽ ደግሞ ፎሌ ላይ ይቀራል። ፍሪሲዮኑን ሲለቅ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይንቀሳቀስም። አሠልጣኙ «እግርህን ፍታው እንጂ!» እያለ ይቆጣል። ጫማውን ልብ ያለለት አልነበረም።

ነገሩ ከካምቢዮው አሠራር ይመጣል። በሞተር ሳይክል ካምቢዮ ውስጥ ጥርሶቹ ሁልጊዜ እንደተነካከሱ ይዞራሉ። ፔዳሉ ሲነካ ከበሮ የሚመስል ዘንግ ትንሽ ይዞራል፤ በዘንጉ ላይ የተቦረቦሩት መስመሮች ሹካዎችን ወደ ጎን ይገፋሉ፤ ሹካዎቹም አንዱን ማርሽ በጎኑ ባሉት ጉጦች ከአጠገቡ ካለው ጋር ያቆላልፉታል። ጉጦቹ ገብተው ካልተቆላለፉ ማርሹ አልያዘም፤ መሃል ሰፋሪነት የለም። ስለዚህ ከእግር የሚፈለገው ጉልበት ሳይሆን አጭርና የተሟላ እንቅስቃሴ ነው፤ ያንንም ፍሪሲዮኑ እስኪለቀቅ ድረስ አለመተው። ከቅያሪው በኋላ ፔዳሉ ወደ መሃል ካልተመለሰ ቀጣዩ ማርሽ አይያዝም። ጫማቸውን ፔዳሉ ላይ አሳርፈው የሚነዱ ሰዎች ሳያውቁት ሹካዎቹን ይበላሉ።

ለዚህ ሥራ የሚመች ጫማ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ሶሉ በእግር ማሳረፊያው ላይ የማይታጠፍ፣ ጣቱ ጋ ግን ቀጭን የሆነ ነው። ትንሽ ታኮ ይጠቅማል፤ ማሳረፊያው ላይ ይዞ እግሩን ያረጋዋል። ሸራ ጫማ ለፔዳሉ ይመቻል፤ አስፋልት ላይ ግን አንድ ጊዜ ከተንሸራተተ ከሱ የሚተርፍ ነገር የለም። ሴፍቲ ጫማ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጣቱ ላይ ያለው ብረት ከፍ ስለሚል በፔዳሉ ሥር አልገባ ይላል፤ ጀማሪውም ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበቱን አንስቶ መላ እግሩን ያንቀሳቅሳል። ከስክስ ጫማ ጥሩ ነው፣ ክሩ ካልረዘመ። የተንጠለጠለ ክር ፔዳሉ ላይ ይጠመጠምና ቀይ መብራት ጋ እግር መሬት ለመርገጥ ሲወርድ አልወርድም ይላል፤ ሞተሩም ከነሰውየው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይተኛል። ቋጠሮውን ወደ ጫማው ውስጥ መክተት የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው። ለክረምት የሚደረገው የፕላስቲክ ቦቲ ውኃ ይከለክላል፤ ግን ሰፊ ስለሆነ እግር በውስጡ ይዋልላል፣ ማርሚታ ሲነካም ይቀልጣል።

«ሃያ ዓመት በኮንጎ ጫማ ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆንኩም» የሚል አይጠፋም። ሃያ ዓመት የነዳ ሰው እግሩ ፔዳሉን ያውቀዋል፤ ምክሩ ለጀማሪ አይሆንም።

የአውሮፓው የሞተረኛ ጫማ መለኪያ፣ ኢኤን 13634፣ ጫማውን በአራት ነገር ይፈትናል፤ በቁመቱ፣ ሲፈገፈግ ባለው ጽናት፣ ስለት ሲያርፍበት ባለው መቋቋምና ከጎን ሲጨፈለቅ ባለው ጥንካሬ። ለእያንዳንዱም 1 ወይም 2 የሚል ደረጃ ይሰጣል። ከአራቱ አንዱም ማርሽ ስለመቀየር አይናገርም። ጣሊያን አዞሎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው አልፓይንስታርስ የሚሠራውን ዓይነት ውድ ቡትስ የገዛ ጀማሪም ቆዳው እስኪለዝብለት ፔዳሉን ሲፈልግ ይቆያል። አቅሙ ለዚያ የማይደርስ ሰው ከመርካቶ ጠንካራ ሶል ያለውን የቆዳ አጭር ቡትስ ይግዛ፤ ከዚያም አንዱ ሊስትሮ በግራው አናት ላይ፣ ከጣቶቹ መነሻ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁራጭ ቆዳ ይስፋበት። ፔዳሉ ጥቁር መስመር የሚያሰምረው እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ቆዳውም መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያው ነው።

ጫማው ከተገኘ በኋላ ፔዳሉ ለጫማው ይስተካከላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ነው፤ ፔዳሉ ከፋብሪካ በመጣበት ቁመት መቆየት የለበትም። በትንንሾቹ ሞተሮች ፔዳሉ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ተሰክቶ በአንድ ቡሎን ይታሰራል፤ ብዙውን ጊዜ በ10 ቁልፍ ይፈታል። ቡሎኑን አውጥቶ፣ ፔዳሉን ስቦ፣ በአንድ ጥርስ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ መልሶ ማሰር ነው። በሌሎቹ ደግሞ የማገናኛ ዘንግ አለ፤ የሁለቱ ጫፎች ዳዶ ሲላላ ዘንጉ እየዞረ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ከዳዶዎቹ አንዱ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚፈታ መሆኑን ያላወቀ ሰው ያበላሸዋል። ልኩ የሚታወቀው ሞተሩ ቆሞ፣ ጫማው ተደርጎ፣ ነጂው ተቀምጦ ነው፤ እግሩ ከማሳረፊያው ሳይነሳ የጫማው ጣት በፔዳሉ ሥር መግባት አለበት። ሻጮች ሞተሩን ሲያስረክቡ ይህን ቢያደርጉ አምስት ደቂቃ አይፈጅባቸውም። አያደርጉትም።

ከፊትም ከኋላም የሚረገጥ ፔዳል ያላቸው ሞተሮች የጫማውን አናት ይገላግላሉ፤ ተረከዝ ወደ ኋላ ሲረግጥ ፊቱ በራሱ ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው የሆንዳ ሱፐር ከብ ፔዳል እንዲህ ያለ ነበር፤ ፍሪሲዮኑም አውቶማቲክ በመሆኑ ግራ እጅ ነፃ ይሆናል። የጃፓን ምግብ አመላላሽ በአንድ እጁ ሳህን ተሸክሞ እንዲነዳ ታስቦ ነው ይባላል። ታዲያ የማርሹ አቅጣጫ ከሞተር ሞተር ይለያያል፤ ሁሉንም ማርሽ ወደ ፊት እየረገጡ የሚያስገቡባቸው አሉ። የተዋሱትን ሞተር ሳይጠይቁ መንዳት አደጋ ነው።

ጫማውም ፔዳሉም ተስተካክሎ ማርሹ አሁንም አልገባ ካለ ጥፋቱ ከእግር አይደለም። የፍሪሲዮን ገመድ ከላላ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ አይላቀቅም፤ ያኔ ቆሞ ፎሌ ማግኘት መከራ ይሆናል። ካቴናው ከመጠን በላይ ከረገበም ቅያሪው ይንገጫገጫል። ዘይቱ ለሞተር ሳይክል የተሠራ፣ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለው ይሁን፤ የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ሊያንሸራትተው ይችላል።

የሚረሳው ደግሞ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ነው። የሱ እግር ማርሽ አይቀይርም፤ ካቴናና ጎማ አጠገብ ግን ይውላል። በህንድ ሴቶች ሳሪ ለብሰው በጎን ስለሚቀመጡ የአገሪቱ ሕግ የኋላው ጎማ ቢያንስ ግማሹ እንዲከለል ያዛል፤ ከዚያ የሚመጡት ሞተሮች በግራ በኩል የብረት መከለያ ያላቸው ለዚህ ነው። እዚህ ደርሶ ነጠላንና የጫማ ክርን ያድናል። አንዳንድ ጎረምሳ ሞተሩ ያምርልኝ ብሎ ፈቶ ይጥለዋል። የፈታችሁ መልሳችሁ እሰሩት።