የሣር አዲስ ዓመት

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ሰው አንድን ዕቃ መቼ እንደሚመኝ አውቀን በዚያው ሰሞን ፊቱ ላይ መደርደር ነው እንጀራችን። ስለዚህ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እዚህ ሚኒሶታ ቤት በገዛን በመጀመሪያው ኤፕሪል፣ መደብሩ በር ላይ የተከመረው የማዳበሪያና የሣር ዘር ከረጢት ሊያታልለኝ ባልተገባ ነበር። አታለለኝ።

በረዶው ገና ቀልጦ ማለቁ ነው። ወራት ሙሉ ተሸፍኖ የከረመው ግቢ ሲገለጥ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። እዚህም እዚያም ግራጫ ክብ፣ ላዩ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር፤ በመሃል ደግሞ አንድ ሰው በጣቱ የጫረው የሚመስል ጠመዝማዛ መንገድ። «ሣሩ ሞቷል» አልኩት ባለቤቴን። በዚያው ቅዳሜ ሁለት መቶ ዶላር ገደማ አውጥተን ዘርም፣ ማዳበሪያም፣ አረም እንዳይበቅል የሚከለክል መድኃኒትም ገዛንና ሁሉንም በአንድ ከሰዓት በተንነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በመስኮት አየሁ፤ አንድ ቅጠል አልወጣም። በመጨረሻ ባዶውን ከረጢት ከጋራዥ አንስቼ ጀርባውን አነበብኩት። መድኃኒቱ የአረምን ዘር ከሣር ዘር አይለይም፤ ሁለቱንም እንዳይበቅሉ ያደርጋል። አንዱን ገዝተን ሌላውን ገደልንበት።

ሞተ ያልኩት ሣር ግን አልሞተም ነበር። ግራጫው ክብ መሬቱ በደንብ ሳይጠነክር በረዶ ሲጫነው ከሥር የሚያድግ ሻጋታ ነው። ጠመዝማዛው መንገድ ደግሞ በበረዶው ሥር ሣሩን እየበሉ የሚመላለሱ የሜዳ አይጦች ሥራ ነው። ለሁለቱም ፍቱኑ መድኃኒት ትዕግሥት ነው፦ መሬቱ ሲደርቅ የተጣበቀውን ሣር በሬክ ቀስ አድርጎ ማላቀቅ፣ አየር እንዲያገኝ ማድረግ። መሬቱ ገና ጭቃ ሳለ ከገባችሁበት ግን ሥሩን ትነቅሉታላችሁ፤ አፈሩም ይታመቃል።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር ይኼ ነው፤ የመደብሩ ካላንደርና የሣሩ ካላንደር አይገናኙም። እዚህ ግቢያችን ውስጥ ያሉት ኬንታኪ ብሉግራስ፣ ፌስኪውና ራይግራስ ብርድ ወዳድ ሣሮች ናቸው። በደንብ የሚያድጉት ሲቀዘቅዝ ነው፤ ጁላይ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ያርፋሉ። ኤፕሪል ላይ የተዘራ ዘር ሥሩን ሳያጠልቅ ያ ሙቀት ይደርስበታል፤ ክራብግራስ የሚባለው አረምም አብሮት ይነሣል። ኦገስት አጋማሽ ላይ ግን መሬቱ ሞቃት ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ክራብግራሱም የመጀመሪያው ውርጭ ሊገድለው ጥቂት ነው የቀረው። ዘር የሚዘራው ያኔ ነው፤ ከኦገስት አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ። እኔ የማስታውሰው በራሳችን ነው፦ ከፍልሰታ ጾም እስከ እንቁጣጣሽ። ማዳበሪያም አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ከቻላችሁ ለሴፕቴምበር ጠብቁት። በዚያ ሰሞን መደብሩ በር ላይ የተደረደረው የሃሎዊን ዱባና ከረሜላ ነው፤ እኔም ብሆን እንዲሁ አደርግ ነበር።

ማዳበሪያ ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ያሉትን ሦስት ቁጥሮች እዩ። መካከለኛው ፎስፈረስ ነው። ሚኒሶታ ውስጥ የአፈር ምርመራ ካላዘዘ ወይም አዲስ ሣር ካልተከላችሁ በቀር ዜሮ መሆን አለበት፤ ሕግ ነው። ምክንያቱም ዝናብ የሚያጥበው ፎስፈረስ ሐይቅ ውስጥ ይገባና ውሃውን በአረንጓዴ ዝቃጭ ይሞላዋል። የእኛ ልጅ የምትዋኝበት ሐይቅ ከቤታችን አሥር ደቂቃ ነው።

ባለፈው ዓመት ጁን ላይ አባቴ ከደብረ ብርሃን መጣ። ባለቤቴ ሣሩን አጭዶ በከረጢት ሞልቶ ዳር ሲያቆም ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ልጄ፣ ይኼ ለማን ነው?» አለው።

«ለማንም አባባ፣ ከተማው ይወስደዋል።»

«ታዲያ ለምን ታጠጡታላችሁ?»

መልስ አልነበረንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የታጨደውን እዚያው እንተወዋለን። በስብሶ ናይትሮጅኑን ለመሬቱ ይመልሳል፤ ከረጢትም አንገዛም። ማሽኑንም ከፍ አድርገን ሣሩን 3 ኢንች ያህል እናስቀረዋለን፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አንቆርጥም። ረጅም ሣር ሥሩ ይጠልቃል፣ ለአረሙም ፀሐይ ይከለክለዋል። ውሃ በሳምንት ከዝናቡ ጋር 1 ኢንች ይበቃዋል፤ ባዶ የቱና ጣሳ ግቢው ላይ አስቀምጣችሁ ለኩት። ጁላይ ላይ ቡናማ ሲሆን አትደንግጡ፤ ብሉግራስ ሲተኛ እንደዚያ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይነሣል።

አባቴ የውርጭ አገር ሰው ስለሆነ ሌላም ነገር አስተማረን። ጠዋት ውርጭ ያረፈበት ሣር ላይ አይረገጥም፤ የረገጣችሁበት ቦታ በኋላ ቡናማ የእግር ዱካ ሆኖ ይወጣል።

በሴፕቴምበር የልጄን ዥዋዥዌ ሥር እንደገና ዘራነው። አፈሩን በሬክ ጫር ጫር አድርገን፣ ዘሩን ረጭተን፣ በእግራችን ጠቅ ጠቅ አድርገን፣ ዙሪያውን በገመድ አጠርነው። እስኪበቅል ድረስ ላዩ እንዳይደርቅ በቀን ሁለቴ በስሱ ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ይኼ የልጄ ሥራ ሆነ። ራይግራሱ በሳምንቱ ብቅ አለ። ብሉግራሱ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል፤ እሷም በየቀኑ «እማዬ፣ የቀረውስ?» ትለኝ ነበር።

ኦክቶበር ላይ የወደቀውን ቅጠል ስስ ከሆነ በማሽኑ ፈጭተን እንተወዋለን፣ ወፍራም ከሆነ እንጠርገዋለን። ሣሩ ማደግ እስኪያቆም ማጨዱን እንቀጥላለን፤ የመጨረሻውን ጊዜ ትንሽ ዝቅ አድርገን፣ 2 ኢንች ተኩል አካባቢ፤ ረጅም ሆኖ በረዶ ሥር ከተኛ ሻጋታው ይወደዋል።

አሁንም ያልዳነልን ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ በእግረኛ መንገዱ ዳር ያለው አንድ ክንድ ስፋት። ሣሩን የገደለው ጨው ነው፤ በረዶ ለማቅለጥ ራሳችን የበተንነው። ዘንድሮ መጀመሪያ አካፋ፣ ከዚያ አሸዋ፣ ጨው በእፍኝ ብቻ ብለን ተስማምተናል። ባለቤቴ ግን ባለፈው ቅዳሜ ትልቁን የጨው ከረጢት ይዞ መጣ። በቅናሽ አግኝቶት ነው።