የኖክስ ቅሬታ

ሰሞኑን የቀድሞዎቹን የአሜሪካ ጄኔራሎች ታሪክ ሳነብ ሄንሪ ኖክስ አሳዘነኝ። የቦስተን መጽሐፍ ሻጭ የነበረው ይህ ሰው በነጻነት ጦርነቱ የዋሽንግተን መድፈኞች አዛዥ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1783 ዋሽንግተን መኮንኖቹን ሲሰናበት መጀመሪያ ያቀፈው እሱን ነበር።

በ1798 ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ሲያሰጋ ዋሽንግተን ዳግም ለአዛዥነት ተጠራ። ከሥሩ የሚሾሙትን ሜጀር ጄኔራሎች ሲደረድር ግን ሃሚልተንን አንደኛ፣ ፒንክኒን ሁለተኛ፣ ኖክስን ሦስተኛ አደረገ። ሃሚልተን እኮ በነጻነት ጦርነቱ ሌተና ኮሎኔል ነበር፤ ኖክስ ጄኔራል! ፕሬዚዳንት አዳምስ ኖክስ ይቅደም ቢልም፣ ዋሽንግተን ሥልጣኑን እንደሚለቅ ሲጠቁመው ተሸነፈ።

ሃሚልተን ጎበዝ አደራጅ ነበርና ምርጫውን አልነቅፍም። ግን እንዲህ ያለው ነገር ለወዳጅ በደብዳቤ ይነገራል? ኖክስ ተቀይሞ ሹመቱን አልቀበልም አለ። ያ ጦር በ1800 ሳይዋጋ ተበተነ።