ፒያሳን ሄደን እንያት



ማኅበራችን ስለ በጋው ሽርሽር አሳብ ስጡ ባለን መሠረት ፒያሳ ይሁን ያልነው ጥቂቶች ነን። ወዲያው የገጠመን መልስ «ፒያሳ እኮ ድሮ ቀረች፤ ምኗን ልታዩ ነው?» የሚል ነበር። እኔ ግን ይኼ አነጋገር አልተዋጠልኝም፤ ስለዚህ በዚህ ሰሌዳ ላይ አሳቤን ላስረዳ።

በቅድሚያ እውነቱን እንቀበል። በ2016 ዓ.ም. በተካሄደው የኮሪደር ልማት ሥራ ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት መንደሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማው ዳርቻ ተነሥቷል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ከዚያው የመጣን ስለሆንን ለዚህ ምስክር አያሻም። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ በዝቷል፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተመርቋል። ያማረውን አምሯል ማለት ነውር የለውም።

ነገር ግን ፒያሳ ስትለወጥ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። በአፄ ምኒልክ ዘመን ቦታው የአራዳ ገበያ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረና ለእኛ ስሙን ብቻ ትቶልን ሄደ፤ ፒያሳ ማለት በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነውና። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልትም ነቅሎ ደብቆት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ኋላም ውቤ በረሃ በአዝማሪና በጭፈራ ቤት ስሙ ገነነ። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ምሽቱ ጸጥ አለ ቢባልም፣ በከተማው በር ዘግቶ እስኪነጋ ሲጨፍር የሚያድር ሰው አልጠፋም። የጣይቱ ሆቴልም በ2007 ዓ.ም. በጥር ወር ቃጠሎ ሲደርስበት የሙዚቃው ቤት ጃዛምባ አብሮ ነደደ፤ ሆቴሉ ግን አለ። እንግዲህ ይህችን ሰፈር ስንት ጊዜ ነው «አለቀላት» የምንላት?

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የፒያሳ ምሽት የደመቀው በአምፑል ብዛት አልነበረም። ከኬክ ቤቱና ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ሰው ይኖር ነበር፤ እራቱን በልቶ በነጠላ ጫማ ብቅ የሚል፣ አንዲት ማኪያቶ ይዞ ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ሒሳብ «ነገ» ቢል የሚታመን። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሰውን ቆሞ ቡና መጠጣት ያስለመደው ቶሞካ፣ በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ የወርቅ ቤቶቹ ሁሉ በዚህ እግረኛ ነበር የሚደምቁት። ዛሬ ያ እግረኛ እኛ ነን፤ ያለነውም እዚህ፣ ሁለት ታክሲ ርቀን ነው። ታዲያ እኛ ካልሄድን ማን ይሂድላት? እንግዳማ ፎቶውን አንስቶ ይሄዳል።

ልጆቻችንም አሉ። እዚህ የተወለዱት ፒያሳን የሚያውቋት ከእናቶቻቸው ወሬ ነው። ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ ሐውልቱን ዞረው፣ ቁልቁል በእግራቸው ወርደው ጣይቱ ሆቴል ደጃፍ ቢቆሙ፣ «እዚህ ጋ ነበር ቤታችን» የሚለውን ቦታው ላይ ሆነን ብንነግራቸው ምን ይጎድልብናል? የሚከፋን ይኖራል። ይክፋን እንጂ! ለቅሶ ቤትስ እንሄድ የለም እንዴ?

«ገንዘቡ ለጥበቃ ደመወዝና ለውኃ ፓምፑ ይዋል» የሚለው ተቃውሞ ግን ሚዛን የሚደፋ ነው፤ አልክደውም። ስለዚህ ከማኅበሩ ካዝና የሚወጣው ለአረጋውያኑ የሚያዘው አንድ ሚኒባስ ኪራይ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቻችን በየኪሳችን እንሳፈር፣ ቡናውንም በየኪሳችን እንጠጣ።

ካነሣሁ አይቀር ስለ ኮሙናሉም አንድ ነገር ልበል። ምድር ቤቱ ለሲሚንቶ መጋዘን ይከራይ የሚል አሳብ ቀርቧል። ኪራዩ ደህና እንደሚሆን ይገባኛል። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ብሎክ መካከል ሰው ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ የሚጫወትበት አንድ ወንበር የለም፤ ሁሉም በሩን ቆልፎ ቴሌቪዥን ያያል። በጀበና ቡና የሚተዳደሩት እናቶቻችን ያንን ቤት በመጠነኛ ኪራይ ቢይዙትና እስከ ሦስት ሰዓት ቢከፍቱት እመርጣለሁ። አምፑሉን እኛው እናዋጣለን።

ሁለቱም ጉዳዮች በመጪው እሑድ ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባሉ ተብሏል። ለጉዞው የምስማማበት ቀን ቅዳሜ ነው፤ መነሻው ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ መመለሻው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሆን ሁለቱንም፣ ቀኑንም ማታውንም እናያለን። ጋቢና ጃኬት ግን ያዙ፤ ጊዮርጊስ ጋ ማታ ይበርዳል።

አንድ የሰፈሩ ነዋሪ