የተሳፋሪው ብሶት ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ

ሰሊጥ ለአጨዳ በሚደርስበት ወራት ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ ደጋማ ወረዳዎች የሚነሣው የቀን ሠራተኛ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ስንቁን በጀርባው አዝሎ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ጥቂት የማይባሉትም ድንበሩን ተሻግረው እስከ ገዳሪፍ ይዘልቃሉ። ይህ ሰው ገና አንዲት ነዶ ሳያጭድ የመጀመሪያው ኪሳራ የሚደርስበት ከመናኸሪያው በር ላይ ነው። የመጓጓዣው ታሪፍ በመንግሥት የተወሰነ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ወቅት የሚጠየቀው ገንዘብ ከታሪፉ ይበልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም እጥፍ ይሆናል። «አይበዛም ወይ?» ብሎ የጠየቀ እንደሆነ «ካልተስማማህ ውረድ» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

በዚህ ነገር ውስጥ ይበልጥ የሚያስገርመው ቲኬት የሚቆረጥ መሆኑ ነው። በቲኬቱ ላይ የሚሰፍረው ሕጋዊው ታሪፍ ሲሆን፣ ከተሳፋሪው እጅ የሚወሰደው ገንዘብ ግን ሌላ ነው። ተቆጣጣሪ በኬላ ላይ መኪናውን አስቁሞ ቢመረምር ጉድለት አያገኝም፤ ተሳፋሪውም «የተጠየቅህ እንደሆነ በቲኬቱ ላይ ያለውን ተናገር» ተብሎ አስቀድሞ ተመክሯል።

አንድ ጊዜ ወደ መተማ በሚወርድ አውቶቡስ ውስጥ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰ ልጅ ከፊቴ ተቀምጦ ነበር። አጠገቡ የነበረው ሠራተኛ ማንበብ ስለማይችል ቲኬቱን ለልጁ ሰጠውና «ምን ይላል?» አለው። ልጁም በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጮክ ብሎ አነበበ። ረዳቱ ይህን በሰማ ጊዜ «አርፈህ ተቀመጥ፣ ምን አገባህ?» ሲል ገሠጸው። ነገር ግን ከኋላ የነበሩት መንገደኞች የየራሳቸውን ቲኬት ከኪሳቸው እያወጡ ወደ ልጁ ማቀበል ጀመሩ። ልጁ አነበበ፤ እነርሱም የከፈሉትን እያስታወሱ አጉረመረሙ። አይከል ከመድረሳችን በፊት ረዳቱ ለአንዳንዶቹ ትርፉን መለሰላቸው፤ ለሁሉም አልመለሰም። እኔም ከትልቆቹ አንዱ ሆኜ ሳለ፣ ልጁ እስኪናገር ድረስ ዝም ብዬ መቀመጤን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

ሾፌሩንና ረዳቱን መራገም ቀላል ነው። በመተላለፊያው ላይ በርጩማ እየደረደሩ ትርፍ ሰው ይጭናሉ፤ በጭልጋ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ከሌላ መኪና ጋር ይሽቀዳደማሉ፤ ሙሉ መንገድ የከፈለውን ሰው ገንደ ውኃ ላይ አውርደው ሌላ መኪና እንዲፈልግ ያደርጉታል። ይህ ሁሉ ጥፋት ነው፤ ጥፋተኛውም ሊጠየቅበት ይገባል። ይሁን እንጂ «ሾፌሮች ጨዋነት ይማሩ» ብሎ መምከር ብቻውን ብዙ የሚያራምድ አይመስለኝም። ምክንያቱም አብዛኛው የግል ተሽከርካሪ የሚሠራው፣ ሾፌሩ ለባለንብረቱ የተቆረጠ ገቢ አስገብቶ የቀረውን ከረዳቱ ጋር እንዲካፈል በሚያደርግ ውል ነው። ስለዚህ አንድ ትርፍ ሰው መጫን ወይም አንድ ምልልስ መጨመር በቀጥታ የእነርሱ እንጀራ ይሆናል። ለባለንብረቱ የሚገባው ገቢ ሳይሟላ የቀረ እንደሆነ ደግሞ የሚጎድለው ከእነርሱ ኪስ ነው። እንዲህ ያለ ውል የሚያሠራውን ሰው ዝግ ብለህ ንዳ ማለት፣ ራትህን ተው እንደ ማለት ይቆጠራል።

በአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከጣሊያን ጦር የተረፉ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ብቻ ነበሩት። በኋላ በተለመደው አሠራሩ ሾፌሩና ቲኬት ቆራጩ የወር ደመወዝተኞች ሆኑ፤ ተሳፋሪው በኋላ በር ገብቶ በበሩ አጠገብ ከተቀመጠው ሠራተኛ ቲኬት ይቆርጣል፤ ሾፌሩም ገንዘብ በእጁ አይነካም። አንበሳም ቢሆን ነቀፌታ አላጣውም። ሰልፉ ረጅም፣ ውስጡ ጭንቅንቅ፣ ኪስ አውላቂውም ብዙ ነው። ሆኖም ሾፌሩ ከተሳፋሪው ቁጥር የግል ትርፍ ስለማያገኝ፣ በዋጋ የሚደረገው ጭቅጭቅ ከታክሲው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ባለንብረቶች የሚያቀርቡት አንድ መከራከሪያ ግን በቅን መታየት አለበት። በአጨዳ ወራት መኪናው ወደ ቆላ ሞልቶ ይወርድና ባዶውን ይመለሳል፤ ስለዚህ የአንድ መንገድ ዋጋ የደርሶ መልሱን ነዳጅ መሸፈን ይኖርበታል ይላሉ። ይህ ሐሰት አይደለም። እንዲህ ከሆነ ግን ለወቅቱ የሚሆን ታሪፍ በግልጽ ይጠየቅ፤ የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም መርምሮ ከፈቀደ ዋጋው በቲኬቱ ላይ ይታተም። በቲኬቱ አንድ ዋጋ፣ በእጅ ሌላ ዋጋ መቀበልን የሚያጸድቅ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በተዋጉባት በመተማ ያለውን ድልድይ ተሻግሮ ገላባት የደረሰ ሠራተኛ፣ ገዳሪፍ ለመግባት ገና 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። የከተማዋ ስም «ገበያውን የጨረሰ ይሂድ» ከሚል የዐረብኛ ንግግር እንደመጣ ይነገራል፤ ለማሽላና ለሰሊጥ ገበያዋም የተስማማ ስም ነው። በዚያ ረዳቱ «ኩምሳሪ» ይባላል። እኛ «ወራጅ አለ» የምንለውን ሱዳናዊው ተሳፋሪ ጣቱን በማጮኽ ያስታውቃል። እንግዳው ይህን ልማድ በአንድ ቀን ሊለምደው ይችላል፤ ዋጋውን ግን እንዲህ በቀላሉ አያውቀውም። ቋንቋው ዐረብኛ፣ ገንዘቡ የሱዳን ፓውንድ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ከሆነ ደግሞ ፖሊስ ይመጣል ብሎ ስለሚፈራ፣ ቢበደልም አቤት አይልም። ከተሳፋሪዎች ሁሉ ለመበዝበዝ የተመቸ ሰው ቢኖር እርሱ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ይህ መንገድ አቅጣጫውን ለወጠ። ከዋና ከተማው የሸሹ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ገዳሪፍ ደረሱ፤ ብዙዎቹም ከዚያ ወደ መተማ ጎረፉ። ነዳጅ ጠፍቶ ስለነበር ዋጋ መጨመሩ ላያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን የአውቶቡሱ ዋጋ ከመጠን በላይ ናረና በቂ ገንዘብ ያልነበረው ሰው ጥይት በሚዘንብበት ከተማ ቀረ። በሰላም ጊዜ በመናኸሪያ በር ላይ እንደ ተራ ነገር የምናልፈው ያልተጻፈ ዋጋ፣ በክፉ ቀን የሚደርስበትን ያኔ አይተናል።

እኔ የምጠይቀው ብዙ ወጪ የሚያስከትል ነገር አይደለም። ከጎንደር እስከ መተማ ባሉት መናኸሪያዎች ሁሉ የየመንገዱ ዋጋ በሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ በአውቶቡሱም በር ላይ ይለጠፍ። ዋጋው ሲለወጥ ሰሌዳውም በዚያው ቀን ይለወጥ። በድንበሩ ግራና ቀኝ ደግሞ ጽሑፉ በአማርኛና በዐረብኛ፣ ቁጥሩም በሁለቱም አጻጻፍ ይሁን። ይህን የምለው ያለምክንያት አይደለም፤ በሱዳን በሚሠራበት የዐረብኛ አኃዝ አምስት ቁጥር ለእኛ ዜሮን የምትመስል ክብ ስትሆን፣ ዜሮ ራሷ ነጥብ ብቻ ናት። በአውቶቡሱ ውስጥ ቲኬት ያነበበው ያ ልጅ እንኳ ገዳሪፍ ቢወርድ፣ ሃምሳን እንደ ዜሮና እንደ ነጥብ አይቶ ግራ ይጋባ ነበር።