ስለ ጣዝማ ማር

ለሳል ለጉሮሮ ይሆነኛል ብላ ከአገር ቤት የተላከላትን ጣዝማ ማር በብልቃጥ ያስቀመጠች ከመካከላችሁ አትጠፋም። ይህ ማር ኃይሉን ከየት እንዳገኘ ጥቂት ላጫውታችሁ።

ጣዝማ በአገራችን ከመሬት በታች የምትኖር አነስተኛ ንብ ናት። መንደፊያዋ መንምኖ የቀረ ስለሆነ አትናደፍም። ከአበባ የምትቀስመው ገና ማር አይደለም፤ ጣፋጭ ውኃ ነው። በጭንቅላቷ ውስጥ ግን ጥንድ ዕጢ አለ፤ በቀጭን ክር ላይ የተሰካ የመቁጠሪያ ፍሬ ይመስላል። ወጣቷ ሠራተኛ በዚህ ዕጢ ለእጮቹ ምግብ ታዘጋጃለች። ምግቡ በሰም ክፍሉ ውስጥ አንድ ጊዜ ይሞላል፣ ንግሥቲቱ ዕንቁላል ትጥልበታለች፣ ከዚያ ይደፈናል። ልጁ እስኪያድግ ደግሞ የሚያጎርሰው የለም። ቀን ከሌት ሕፃን የምትይዙ እናንተ ይህን ስትሰሙ ሳትቀኑ አትቀሩም!

ከዕጢ የሚወጡ ኢንዛይሞች ናቸው ያንን ጣፋጭ ውኃ ማር የሚያደርጉት። ኢንቨርቴዝ የሚባለው ስኳሩን ይከፋፍለዋል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ደግሞ ከስኳሩ ሁለት ነገር ያወጣል፤ አንዱ ማሩን የሚያኮመጥጥ አሲድ፣ ሌላው ቁስል የሚታጠብበት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው። ጀርም የሚከላከሉት እነዚህ ናቸው። የማይናደፉ ንቦች ማር ቀጭን ነው፤ ውኃው ብዙ ጊዜ ከ25 በመቶ ያልፋል፤ የተለመደው ማር ግን በአብዛኛው ከ20 በመቶ በታች ነው። ስለዚህ ቶሎ ይቦካልና ፍሪጅ ውስጥ አኑሩት።

ኢንዛይም እሳት አይወድም። የሚፍለቀለቅ ሻይ ውስጥ የጨመራችሁት እንደሆነ ጣዕሙ እንጂ ኢንዛይሙ አይቀርም፤ ሻዩ ለብ ሲል ጨምሩት። ትኩሳት ወይም የደረት ውጋት ካለ ግን ማር ሐኪምን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጣዝማም ሆነ ሌላ ማር፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ አይሰጥም። በማር ውስጥ የቦቱሊዝም ጀርም ዘር ሊኖር ይችላል፤ ኢንዛይሙም ሆነ የወጥ ቤት እሳት አያጠፋውም። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፤ የሕፃን አንጀት ግን ገና ነው። በምትኖሩበት አካባቢ ለአራስ ላንቃ ማር የሚቀቡ አሉና፣ ማዳም «ስጪው» ብትል «መጀመሪያ ሐኪም እንጠይቅ» በሏት። የቀመሰ ሕፃን ሆዱ ቢደርቅ፣ መጥባት ቢያቅተው፣ ልቅሶው ቢሰልል፣ አንገቱ ቢዝል፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ማር መቅመሱንም ሳትደብቁ ንገሩ።